ገንዘቡ በማን ስም ነው?

ኤማ ራይሊ የተባለች የኢኮኖሚ ተመራማሪ ኡጋንዳ ውስጥ ቀላል የሚመስል ጥያቄ አነሣች። ብራክ ከተባለው ድርጅት አነስተኛ ብድር የሚወስዱ 3,000 ያህል ሴት ነጋዴዎች ነበሩ። ከፊሎቹ ብድሩን እንደ ወትሮው በእጃቸው በጥሬ ገንዘብ ቢቀበሉ፣ ከፊሎቹ ደግሞ በየራሳቸው የሞባይል ገንዘብ ሒሳብ ቢገባላቸው፣ ከወራት በኋላ በንግዳቸው ላይ ልዩነት ይታይ ይሆን? ብድሩ ያው ብድር ነው፤ የተለየው ገንዘቡ የሚያርፍበት ቦታ ብቻ ነው። ከስምንት ወር በኋላ ሲታይ፣ በስልካቸው የተቀበሉት ሴቶች ትርፍ በጥሬ ገንዘብ ከተቀበሉት በ15 በመቶ በልጦ ተገኘ። በንግዱ ውስጥ ያስቀመጡት ካፒታልም በ11 በመቶ ይበልጥ ነበር። ከሁሉ በላይ የተጠቀሙት ደግሞ ከመጀመሪያውም ገንዘባቸውን ለቤተሰብ እንዲያካፍሉ ጫና የነበረባቸው ሴቶች ናቸው።

ነገሩ እንዴት ሆነ? ብር በመቀነቷ ቋጥራ ቤት የምትገባ ሴት ጠያቂ አታጣም። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ አለ፣ የባሏ ወንድም መንገድ ሊሄድ ነው፣ ጎረቤት ታማለች። ጠያቂዎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ችግራቸውም እውነተኛ ነው። ገንዘቡ በዓይን እየታየ «የለኝም» ማለት ግን ከባድ ነው፤ የዕቃ መግዣው ሳይታወቅ በሳምንት ውስጥ ተበትኖ ያልቃል። በምስጢር ቁጥር የተቆለፈ ገንዘብ ቢያንስ እስከ ነገ፣ ዕቃው እስኪገዛ ድረስ ይቆያል። ያቺን አንዲት ቀን ማግኘቷ ነው ትርፉን የለወጠው።

ስለ ሴቶችና ስለ ዲጂታል ንግድ የሚጻፈው በአብዛኛው ስለ ገበያ ነው፦ ፎቶ እንዴት እንደሚነሣ፣ ቪዲዮ እንዴት እንደሚሠራ፣ ተከታይ እንዴት እንደሚበዛ። ይህ አይጠቅምም አልልም። ነገር ግን ስልኩ ለአንዲት ሴት ነጋዴ የሚሰጣት ትልቁ ነገር ገበያ ነው ብዬ አላምንም። ትልቁ ነገር በስሟ የሚመዘገብ ሀብት ነው፦ በስሟ ያለ ገንዘብ፣ በስሟ ያለ የሽያጭ መዝገብ፣ በስሟ ያለ ደንበኛ። እነዚህ ሦስቱ በሌላ ሰው ስም ከሆኑ ንግዱ የቱንም ያህል ቢደራ ዕድሜው በዚያ ሰው ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሴቶችን እንደግፋለን የሚል ማንም አካል ከዚህ ቢጀምር ብዙ ልፋት ይድናል።

ጎረቤታችን ኬንያ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ናት። ኤም-ፔሳ የተባለው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት እዚያ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ተመራማሪዎቹ ታቭኒት ሱሪ እና ዊልያም ጃክ ለዓመታት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2016 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ አገልግሎቱ 194,000 አባወራዎችንና እማወራዎችን ከከፋ ድህነት እንዳወጣ ገመቱ። ከዚያ ሁሉ ግን እኔን የሚያስገርመኝ ሌላኛው ግምታቸው ነው፦ 185,000 ያህል ሴቶች ከግብርና ሥራ ወደ ንግድ ተሻገሩ። ለውጡን ያመጣው ሥልጠና አይደለም። የራሳቸው ገንዘብ የሚቀመጥበትና የሚላክበት፣ የሚርቃቸው ዘመድ በቀላሉ የሚደርስላቸው ሒሳብ ነው ያገኙት።

በእኛ አገር ጉዳዩ ዘግይቶ ተጀመረ። ብሔራዊ ባንክ ባንክ ያልሆኑ ድርጅቶች የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት እንዲሰጡ መንገዱን የከፈተው በ2012 ዓ.ም. ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤም-ፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። ዛሬ ከጀበና ቡና እስከ ታክሲ ድረስ «በቴሌብር ልላክልህ?» የሚለው ጥያቄ የዕለት ተዕለት ንግግር ሆኗል። ይሁን እንጂ የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 ባደረገው ጥናት፣ በኢትዮጵያ ከ100 አዋቂ ወንዶች 55ቱ የባንክ ወይም የመሰል ተቋም ሒሳብ ሲኖራቸው፣ ከ100 ሴቶች የነበራቸው 39ኙ ብቻ ናቸው።

ከዚህ ቁጥር በታች ደግሞ በቁጥር የማይታይ ነገር አለ። ሲም ካርድ ለማውጣት መታወቂያ ያስፈልጋል። ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የምትሠራ፣ መሸኛ ያላመጣች፣ በቀበሌ ያልተመዘገበች ልጅ መታወቂያ ከየት ታመጣለች? የአጎቷን ልጅ ወይም የአሠሪዋን ሲም ትይዛለች። ከዚያ በኋላ በዚያ ቁጥር ላይ የምትከፍተው ሁሉ፣ የቴሌብር ሒሳቡም የቴሌግራም ቻናሉም፣ ሥር ያለው በሌላ ሰው ስም ነው። ከሲሙ ባለቤት ጋር የተጣላች ቀን ያ ሰው ወደ አገልግሎት ማዕከል ሄዶ ቁጥሩን ቢያስወጣ የሚከለክለው የለም። በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት የሚሰጠው ፋይዳ ሰነድ የሌለው ሰው በምስክር የሚመዘገብበትን መንገድ ማበጀቱ ለእንዲህ ዓይነቷ ሴት ከማንኛውም የማርኬቲንግ ሥልጠና ይበልጣል። አንድ ድርጅት ሃምሳ ሴቶችን አዳራሽ ሰብስቦ ስለ ዲጂታል ንግድ ከማስተማሩ በፊት ለእነዚያ ሃምሳ ሴቶች ፋይዳና በስማቸው የወጣ ሲም ቢያስጨርስላቸው ሥራው በግማሽ አለቀ።

የስም ነገር ስንት ሕይወት እንዳበላሸ ለማወቅ ከዓረብ አገር የተመለሱ እህቶቻችንን መጠየቅ ነው። ቤይሩት፣ ሪያድ ወይም ዱባይ ዓመታት ሠርተው ደመወዛቸውን በወንድም ወይም በአባት ሒሳብ ሲልኩ የኖሩ፣ ሲመለሱ ግን ለሱቅ መክፈቻ የሚሆን ሳንቲም ያልጠበቃቸው ብዙ ናቸው። ቤተሰቡ በልቶበታል፣ ታክሞበታል፣ ጣራ አድሶበታል፤ ገንዘቡ ጠፋ ማለት አይደለም። ለእሷ ንግድ ግን አልቆየላትም። እዚያው ሆና በስሟ ሒሳብ ከፍታ ከምትልከው ላይ ጥቂቱን እንኳ ለብቻ ብታስቀምጥ መመለሻዋ ሌላ በሆነ ነበር።

አሁን ወደ ንግዱ ራሱ እንምጣ። አንዲት የሀበሻ ቀሚስ ነጋዴ እናስብ። ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ጨርቅ ታሠራለች፣ ሠፈሯ ካለ ሰፊ ጋር ትጨርሳለች፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ ትሸጣለች። ቻናሉን የከፈተላት የጎረቤት ልጅ ነው፤ በራሱ ስልክ። እሷ አድሚን ሆና ትለጥፋለች፣ ባለቤቱ ግን እሱ ነው። ሃያ ሺህ ተከታይ ሲሞላ ይህ ትንሽ ነገር መሆኑ ይቀራል። ልጁ ክፉ ላይሆን ይችላል፤ ግን ስልኩ ሊሰረቅ፣ አካውንቱ በአጭበርባሪ ሊያዝ፣ እሱ ራሱ ወደ ውጭ ሊሄድ ይችላል። የቻናሉን ባለቤትነት ወደ ራሷ ቁጥር ማዛወርና ባለ ሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል ማስገባት ብዙ ልፋት የማይጠይቅ ሥራ ነው።

ባለቤትነቱ በስሟ ቢሆንም እንኳ ቻናሉ ሌላ ሰው ግቢ ውስጥ የተከራየችው ሱቅ ነው፤ ግቢው ሲዘጋ ሱቁም ይዘጋል። ይህን አይተነዋል። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በኢትዮጵያ ተገድበው ቆዩ። ሻጮቹ ቪፒኤን ጭነው ገቡ፤ ገዢው ሁሉ ግን ለአንድ ቀሚስ ብሎ ቪፒኤን አይጭንም። እንዲህ ባለው ጊዜ የደንበኞቿን ስም፣ ስልክና ልክ በደብተር የመዘገበች ነጋዴ አንድ በአንድ ደውላ «የፋሲካ ቀሚስ ደርሷል» ማለት ትችላለች። ተከታይ ብቻ ያላት ነጋዴ ግን የምትደውልለት የላትም። በእኔ አመለካከት ለኦንላይን ነጋዴ ከሁሉ የሚበልጠው ሀብት ይህ ደብተር ነው፤ እስከዛሬ በተሰጡት ሥልጠናዎች ግን ተገቢውን ቦታ ሲያገኝ አላየሁም።

ሳምራዊት ፍቅሩ ራይድ የተባለውን የታክሲ አገልግሎት ስታቋቁም ደንበኛን በራስ መስመር የመያዝን ጥቅም የተረዳች ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተመሠረተው ሃይብሪድ ዲዛይንስ የተባለው ድርጅቷ የታክሲ መጥሪያ መተግበሪያ ሠርቷል፤ የአዲስ አበባ ሰው ግን ራይድን በይበልጥ የሚያውቀው በ8294 ነው። ስማርት ስልክ የሌላት እናት፣ ዳታ የጨረሰ ተማሪ፣ መተግበሪያ መጫን የማይወድ አዛውንት ደውለው መኪና ያዝዛሉ። ዲጂታል ንግድ ማለት የግድ ሁሉ ነገር በስክሪን ላይ ይሁን ማለት እንዳልሆነ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ የአገር ውስጥ ምሳሌ አላውቅም። ደንበኛው የሚደውለው በድርጅቷ አጭር ቁጥር ነው፤ ኢንተርኔት ቢቋረጥ ያ መስመር አብሮ አይቆረጥም።

ወደ ብድር ስንመጣ የስም ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል። ባንክ በመያዣነት የሚጠይቀው ቤት ወይም መኪና ነው። ቤቱ ብዙ ጊዜ በባል ወይም በአባት ስም ነው። ማይክሮፋይናንስ በቡድን ዋስትና ያበድራል፤ የሚሰጠው ግን ለጉሊት የሚበቃ እንጂ ለሁለት መቶ ቀሚስ ትእዛዝ የሚሆን አይደለም። በዓለም ባንክ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የሴት ሥራ ፈጣሪዎች ልማት ፕሮጀክት የተነሣው ይህንኑ ክፍተት ለመሙላት ነበር፦ ለማይክሮፋይናንስ የበዛች፣ ለባንክ ያነሰች ነጋዴ። ገንዘቡ በኢትዮጵያ ልማት ባንክ በኩል ለማይክሮፋይናንስ ተቋማት እየተላለፈ ለሴቶቹ በግል ስማቸው በብድር ተሰጠ። ከተበዳሪዎቹ አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ከመደበኛ ተቋም ተበድረው አያውቁም ነበር።

በዚያ ፕሮጀክት ውስጥ የተሞከረ አንድ ነገር ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ሊወራለት ይገባ ነበር። መያዣ ለሌላቸው ሴቶች የሥነ ልቦና መለኪያ ፈተና ተሰጠ፤ ጥያቄዎቹ ታማኝነትን፣ ዕቅድ የማውጣት ልማድን፣ ለችግር የሚሰጡትን ምላሽ የሚመዝኑ ነበሩ። ከፍተኛ ነጥብ ያገኙት ዝቅተኛ ካገኙት ይልቅ ብድራቸውን የመመለስ ዕድላቸው ሰባት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ቤት የሌላት ሴት ዕዳዋን አትከፍልም የሚለው የአበዳሪዎች ፍርሃት መሠረት እንደሌለው ከዚህ በላይ ምን ያሳያል?

ዛሬ ፈተናም ላያስፈልግ ይችላል። በየቀኑ በቴሌብር ወይም በባንክ መተግበሪያ የምትሸጥ ሴት የገቢዋ ታሪክ ተጽፎ ተቀምጧል። በ2014 ዓ.ም. ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር የጀመረው «መላ» የተባለው ብድር፣ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክም «ሚቹ» ብሎ ያወጣው፣ ያለ መያዣ በስልክ የሚያበድሩት እንዲህ ያለውን መረጃ አይተው ነው። እዚህ ላይ ለነጋዴዋ የሚጠቅማት ልማድ አንድ ነው፦ የሽያጭ ገንዘብ ሁሉ በአንድ፣ በራሷ ሒሳብ ይግባ። ዛሬ በባል ቴሌብር፣ ነገ በእህት ባንክ፣ ከነገ ወዲያ በእጅ የምትቀበል ከሆነ የዓመት ድካሟ በማንም መዝገብ ላይ አይታይም። የገባው ገንዘብ ለአስቤዛ መውጣቱ አይቀርም፤ ይውጣ፤ ግን መጀመሪያ ገብቶ ይታይ። ደንበኛ የሚልከውን ስክሪንሾት አምና ዕቃ የላከች ሁሉ የምታውቀው ሌላ ጥቅምም አለ፤ የራሷን ሒሳብ ከፍታ ገንዘቡ መግባቱን ስታረጋግጥ በሐሰተኛ ደረሰኝ የሚያታልላት ይቀንሳል።

በስልክ የሚገኙት ብድሮች ግን ጉድለት አለባቸው፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ደግ አይሆንም። መጠናቸው ትንሽ፣ መመለሻቸው አጭር ነው። ጨርቅ ተሸምኖ፣ ተሰፍቶ፣ ተሸጦ ገንዘቡ እስኪመለስ ሁለት ሦስት ወር የሚፈጅባት ነጋዴ በአንድ ወር የሚመለስ ብድር ብትወስድ ለመክፈል ስትል ሌላ ትበደራለች። ለእሷ የሚሆነው ብድር የሥራዋን ዑደት የተከተለ ነው፤ ከበዓል በፊት የሚሰጥ፣ ከበዓል በኋላ የሚከፈል። ዕቁብ ይህን ያውቃል። ለልጇ ሠርግ ወይም ለበዓል ገበያ ዕጣዋ እንዲቀደምላት የምትለምን ሴት ለዳኛው ትነግረዋለች፤ ዳኛውም አባላቱን ያስማማል። አበዳሪ ተቋማት የሚያስቀኑ ቀመሮች አሏቸው፤ ዳኛው የሚሰማውን ግን አይሰሙም።

ሥልጠናስ? ሥልጠና ሁሉ ከንቱ አይደለም፤ ዓይነቱ ግን ልዩነት ያመጣል። ቶጎ፣ ሎሜ ውስጥ 1,500 አነስተኛ ነጋዴዎች በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። አንደኛው ክፍል የተለመደውን የሒሳብ አያያዝና የገበያ ሥልጠና፣ ሁለተኛው የራስ ተነሣሽነት ሥልጠና ወሰደ፤ ሦስተኛው ምንም አልወሰደም። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው ውጤት መሠረት የራስ ተነሣሽነት ሥልጠናው ትርፍን በ30 በመቶ ሲያሳድግ፣ የተለመደው ያመጣው ጭማሪ ከአጋጣሚ የማይለይ ነበር። ለሴቶች ሲታይ ልዩነቱ ይሰፋል፤ የራስ ተነሣሽነቱን የወሰዱት ትርፋቸው በ40 በመቶ ገደማ አደገ። በዚህ ሥልጠና የሚማሩት ሌላው የሚሸጠውን ከመቅዳት ይልቅ የተለየ ነገር መፈለግን፣ መሰናክል ሲገጥም መቀጠልን፣ ነገ የሚመጣውን ቀድሞ ማሰብን ነው። መቶ ቻናል አንድ ዓይነት የዱባይ ጫማ በሚለጥፍበት ገበያ ይህ ለምን እንደሚሠራ መገመት አያስቸግርም።

ሕጉም ከሚታሰበው በላይ ርቆ ሄዷል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የትዳርን የጋራ ንብረት የሚያስተዳድረው ባል ነበር፤ አንዱ ተጋቢ የሌላውን የውጭ ሥራ የመቃወም መብትም ነበረው፤ በዚህ መብት የሚጎዳው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ይህን አስቀረ። ለውጡ በቅድሚያ በደረሰባቸው ቦታዎች ሴቶች ከቤት ውጭ ወደሚሠራ፣ ዓመቱን ሙሉ ወደሚዘልቅ ሥራ ይበልጥ እንደወጡ ተመራማሪዎች ከጊዜ በኋላ አሳይተዋል። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረት በመያዣነት እንዲያዝ ፈቅዷል፤ የስፌት ማሽን ወይም የተከማቸ ዕቃ ያላት ሴት ቤት ባይኖራት እንኳ የምታስይዘው አላት ማለት ነው። የ2013ቱ የንግድ ሕግ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ እንዲያቋቁም በር ከፍቷል። ቀድሞ ለወረቀት ያህል ወንድሟን ሸሪክ አድርጋ የምታስገባ ሴት አሁን ሸሪክ አያስፈልጋትም፤ ብዙዎች ግን ይህን አልሰሙም። አስቸጋሪው የንግድ አድራሻ ነው። ሳሎኗ ውስጥ የምትሠራ፣ በቴሌግራም የምትሸጥ ነጋዴ የማትጠቀምበትን ቢሮ ለፈቃድ ስትል ከተከራየች ትርፏ እዚያው ይቀራል። እውነተኛ ድጋፍ የሚፈልግ ተቋም አንድ ሕጋዊ አድራሻ ለብዙ ሴቶች ቢያጋራ፣ ከወረዳው ጋርም ቢነጋገርላቸው፣ የሚረዳቸው ከላፕቶፕ ስጦታ በላይ ነው።

ሌሊት ሌሊት በኢንቦክስ ስለሚመጣው ስድብና ትንኮሳ፣ ልጅ አዝላ ቪዲዮ ስለምትቀርጽ እናት፣ ከዴሊቨሪ ልጆች ጋር ስላለው ጭቅጭቅ ብዙ ማለት ይቻላል። ስለ ልጅ ማቆያ አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ሥልጠና ሲዘጋጅ ለልጆቹ የሚሆን ክፍልና ጠባቂ ካልታሰበ፣ የሚመጡት ልጅ የሌላቸው ወይም ሠራተኛ ያላቸው ብቻ ናቸው፤ ድጋፉም ለተደገፈች ይሰጣል።

የመጨረሻው አስቸጋሪ ስፍራ ባሕር ማዶ ነው። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ያለች ደንበኛ ቀሚሱን በኢንስታግራም አይታ ትወደዋለች፤ በዋጋም አትከራከርም። የምትከፍልበት መንገድ ግን ቀጥተኛ አይደለም። በፔይፓል ኢትዮጵያ ሆኖ ገንዘብ መቀበል አይቻልም፤ ስለዚህ ክፍያው ብዙ ጊዜ እዚያ ባለች እህት ወይም አክስት ሒሳብ ይገባል። እንደገና በሌላ ሰው ስም። ዘመድን በጽሑፍ መዋዋል በእኛ ዘንድ እንደ ስድብ ሊቆጠር ይችላል፤ ሆኖም ዕቁብ ጸሐፊ አለው፣ ዕድርም መዝገብ አለው፣ ማንም «አላመንከኝም» ብሎ አይቆጣም። እህትማማቾቹ በጋራ የሚያዩት አንድ ሠንጠረዥ በስልካቸው ቢኖር ይበቃል፦ ቀን፣ የደንበኛ ስም፣ የተከፈለው ዶላር፣ የተላከው፣ እዚያ የቀረው። ብር በገበያ እንዲተመን ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አንድ ዓምድ ይጨመርበት፤ ገንዘቡ በተላከበት ቀን የዋለው ምንዛሪ። በዚህ ዓምድ ላይ ቀድመው ያልተስማሙ እህትማማቾች፣ ዶላሩ እዚያ በቆየባቸው ሳምንታት የተገኘው ልዩነት የማን እንደሆነ የሚከራከሩት ሥራው ሲደራ ነው።